የአንጎል ሴል ይተካል? ለቀድሞ ተማሪዬ የዘገየ መልስ

ባለፈው ዓመት ማብቂያ ገደማ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ስልክ ደወለልኝ፡፡ ዛሬ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ አሥረኛ ክፍል ሳለ ባዮሎጂ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፡፡ ከሰላምታና ከቤተሰብ ጥየቃ በኋላ ወደ ጉዳዩ ገባ፡፡ አባቱ ከሁለት ዓመት ወዲህ ነገር እየረሱ ተቸግረዋል፡፡ ምሳ መብላታቸውን ይዘነጋሉ፤ አንዳንዴም የልጅ ልጆቻቸው ስም ይጠፋባቸዋል፡፡ ሐኪም ቤት ተወስደው የመርሳት በሽታ ጅማሬ እንደሆነ ተነግሯቸዋል፡፡ ይህ በሆነ በሦስተኛው ወር ታዲያ አንድ ነጋዴ «አዲስ የአንጎል ሴል ያበቅላል» የተባለ እንክብል ይዞ ወደ ቤተሰቡ መጣ፡፡ የእንክብሉ የአንድ ወር ዋጋ የተማሪዬን ደመወዝ ሲሶ ይወስዳል፡፡

«መምህር» አለኝ፤ «ያኔ ክፍል ውስጥ የሞተ የአንጎል ሴል አይተካም ብለውን ነበር፡፡ ደብተሬ ላይ ከሥሩ አስምሬበት ነበር፤ እስከ ዛሬም አልረሳሁትም፡፡ አሁን ደግሞ ሰውየው ሳይንሱ ተለውጧል፣ ይተካል ብሎ የጥናት ወረቀት አሳየኝ፡፡ የቱን ልመን?»

እውነቱን ለመናገር እጄ ላይ ዝግጁ መልስ አልነበረም፡፡ ያስተማርኩት ነገር እንደተሻሻለ ሰምቻለሁ፤ ምን ያህል እንደተሻሻለ ግን ተቀምጬ አላጣራሁም ነበር፡፡ «ጊዜ ስጠኝ፡፡ መልሼ እስክደውልልህ ድረስ ግን ገንዘብህን አታውጣ» አልኩት፡፡ ይህ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ያነበብኩትን አጠር አድርጎ የያዘ ነው፡፡ በውስጡ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፡፡

«አይተካም» የሚለው ትምህርት ከየት መጣ?

የቆዳችን ሴሎች በየጊዜው ይታደሳሉ፡፡ ደማችንም እንዲሁ፡፡ ጉበት ከፊሉ ተቆርጦ ቢወጣ እንኳ መልሶ ያድጋል፡፡ የአንጎል የነርቭ ሴል /ኒውሮን/ ግን ከዚህ ሕግ ውጪ ነው ተብሎ ለብዙ አሠርት ዓመታት ሲታመን ኖሯል፡፡ የዚህ እምነት ዋና ምሰሶ ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል ናቸው፡፡ ካሃል የነርቭ ሴሎችን በማይክሮስኮፕ እያዩ በእጃቸው በመሳል የአንጎልን አሠራር ለዓለም ያስተዋወቁ ታላቅ ሊቅ ሲሆኑ፣ በ1906 ከጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ ጋር የኖቤል የሕክምና ሽልማትን ተካፍለዋል፡፡ እሳቸው ከብዙ ዓመታት ምርመራ በኋላ የደረሱበት ድምዳሜ፣ ያደገ አንጎል የነርቭ ሴሎቹን ሊያጣ እንጂ ሊተካ አይችልም የሚል ነበር፡፡ ካሃል ራሳቸው ጉዳዩን ለመጪው ዘመን ሳይንስ ክፍት አድርገው ቢተዉትም፣ ተከታዮቻቸው ግን በሩን ጥርቅም አድርገው ዘጉት፡፡

ድምዳሜው ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፡፡ ያደገ የነርቭ ሴል እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የበዛበት፣ ከሺህዎች ጋር የተሳሰረ ነገር ነው፡፡ እንዲህ ያለ ሴል ለሁለት ሲከፈል በማይክሮስኮፕ ያየ ሰው የለም፤ ዛሬም ቢሆን አይከፈልም፡፡ ያልታሰበው ነገር፣ አዲሱ ሴል የሚወለደው ካደገው የነርቭ ሴል ሳይሆን በአንጎል ውስጥ ተደብቀው ከሚኖሩ ሌሎች እናት ሴሎች መሆኑ ነው፡፡

የጆሴፍ አልትማን አይጦች

ጆሴፍ አልትማን በ1925 በሃንጋሪ ዋና ከተማ ቡዳፔስት የተወለዱና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአይሁዳውያን እልቂት የተረፉ ሰው ናቸው፡፡ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም /ኤም.አይ.ቲ/ ሲሠሩ ያኔ አዲስ በነበረ ዘዴ ተጠቀሙ፡፡

ዘዴው እንዲህ ነው፡፡ አንድ ሴል ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤውን መቅዳት አለበት፡፡ ለዚህ ቅጂ ከሚያስፈልጉት ግብዓቶች አንዱ ታይሚዲን ይባላል፡፡ አልትማን ራዲዮአክቲቭ ምልክት ያለበት ታይሚዲን ለእንስሳቱ በመርፌ ሰጡ፡፡ በዚያ ሰዓት ለመከፈል የሚዘጋጅ ሴል ካለ ምልክቱን ዲኤንኤው ውስጥ ይዞ ይቀራል፡፡ ከዚያ የእንስሳው አንጎል በስሱ ተቆራርጦ የፎቶግራፍ ፊልም በሚሠራበት ቅባት ሲሸፈን፣ አዲስ የተወለደው ሴል ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ይታያሉ፡፡

አልትማን ነጠብጣቦቹን የነርቭ ሴል በሚመስሉ ሴሎች ላይ አገኟቸው፡፡ በ1962 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት አጭር ጽሑፍ፣ ባደጉ አጥቢ እንስሳት አንጎል ውስጥ አዲስ የነርቭ ሴል ይወለድ ይሆን ወይ የሚል ጥያቄ አነሱ፡፡ በ1965 ከጎፓል ዳስ ጋር ሆነው በአይጥ ሂፖካምፐስ ውስጥ ያገኙትን ዘርዘር አድርገው አሳተሙ፡፡ በ1969 ደግሞ ሽታን በሚቀበለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ተመሳሳይ ነገር እንዳለ ገለጡ፡፡

ሂፖካምፐስ በአንጎል ውስጠኛ ክፍል በግራና በቀኝ የሚገኝ፣ ቅርጹ የባህር ፈረስ የተባለውን ዓሣ የሚመስል አካል ነው፡፡ አዲስ ትዝታ የሚመዘገበው በእሱ በኩል ነው፡፡ የመርሳት በሽታም አስቀድሞ ከሚያጠቃቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው፡፡ የተማሪዬ ጥያቄና የአልትማን አይጦች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፡፡

ሠላሳ ዓመት ያህል የቆየ ዝምታ

እንዲህ ያለ ግኝት ዓለምን ያነጋግራል ብሎ የሚያስብ ይኖራል፡፡ የሆነው ግን ሌላ ነው፡፡ የአልትማን ሥራ በጥቂቶች ተነቦ በብዙዎች ታለፈ፡፡ አልትማን በ1968 ወደ ፐርድዩ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው በአንጎል እድገት ላይ መሥራታቸውን ቀጠሉ፡፡ በ1977 ማይክል ካፕላን የተባሉ ወጣት ተመራማሪ ከጄምስ ሃይንድስ ጋር ሆነው የበለጠ በሚያጎላው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመልክተው፣ አዲሶቹ ሴሎች በእርግጥም የነርቭ ሴል መልክ እንዳላቸው አሳዩ፡፡ የእሳቸውም ሥራ ሰሚ አጣ፤ በኋላ ምርምሩን ትተው ወደ ሕክምና ገቡ፡፡

ለምን ታለፈ? ካነበብኩት ሦስት ምክንያት ለይቻለሁ፡፡ አንደኛ፣ በዚያን ጊዜ መሣሪያ የነርቭ ሴልን ከደጋፊ ሴሎች /ግሊያ/ በእርግጠኝነት መለየት አስቸጋሪ ነበር፤ ግሊያ ደግሞ በሕይወት ዘመን ሁሉ እንደሚከፈል የታወቀ ነው፡፡ ሁለተኛ፣ የካሃል ስም ከባድ ነበር፡፡ ሦስተኛው፣ ከባድ ተቃራኒ ማስረጃ መጣ፡፡ በ1985 የዬል ዩኒቨርሲቲው ፓስኮ ራኪች 12 ያደጉ ዝንጀሮዎችን በዚያው በታይሚዲን ዘዴ መርምረው፣ መርፌው ከተሰጠ ከ3 ቀን እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ አንጎላቸውን ሲያዩ አንድም አዲስ የነርቭ ሴል እንዳላገኙ አሳተሙ፡፡ ራኪች አንድ ማሳመኛ አክለዋል፡፡ ሰውና ዝንጀሮ ለረጅም ዓመታት ተምረው የሚኖሩ ፍጡሮች ስለሆኑ፣ የተማሩትን ይዘው ለመቆየት የማይለዋወጥ የነርቭ ሴል ስብስብ ይጠቅማቸዋል አሉ፡፡ ማሳመኛው ዛሬም ቢሆን የሚናቅ አይደለም፡፡

ዝምታውን መስበር የጀመሩት አጥቢ እንስሳት ሳይሆኑ ወፎች ናቸው፡፡ በ1983 የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲዎቹ ፈርናንዶ ኖቴቦምና ስቲቨን ጎልድማን፣ ካናሪ በተባለች ዘማሪ ወፍ አንጎል ውስጥ ዝማሬን በሚመራው ክፍል አዳዲስ የነርቭ ሴሎች እንደሚጨመሩ አሳዩ፡፡ ቀጥሎም ሴሎቹ ድምፅ ሲሰማ የኤሌክትሪክ ምላሽ እንደሚሰጡ ታየ፡፡ ይሁንና «ወፍ ወፍ ናት፤ ስለ ሰው ምን ትነግረናለች?» ያሉ ብዙዎች ነበሩ፡፡

በሩ ሲከፈት

በ1992 ብሬንት ሬይኖልድስና ሳሙኤል ዋይስ በካናዳ፣ ካደገች አይጥ አንጎል ወስደው በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የነርቭ ሴል ሊያስገኙ የሚችሉ እናት ሴሎችን አሳደጉ፡፡ እነዚህ ስቴም ሴል ወይም ግንደ ህዋስ የሚባሉት ናቸው፡፡ በዚያው አሥር ዓመት ቢ.አር.ዲ.ዩ የተባለ ታይሚዲንን የሚተካ ምልክት በስፋት ጥቅም ላይ ዋለ፤ ከነርቭ ሴል መለያ ቀለሞች ጋር ሲጣመር «ይህ አዲስ ነው፤ ደግሞም የነርቭ ሴል ነው» ብሎ መናገር ተቻለ፡፡ ኤልሳቤጥ ጉልድና ባልደረቦቻቸው በዝንጀሮ ሂፖካምፐስ ውስጥ አዲስ ሴል እንደሚወለድ ሲያሳዩ፣ ራኪችም ከዴቪድ ኮርናክ ጋር በ1999 ይህንኑ በራሳቸው ላቦራቶሪ አረጋገጡ፡፡ በተቃዋሚነት የታወቀ ሰው ማስረጃ አይቶ መቀበሉ በሳይንስ ታሪክ የሚያስመሰግን ነው፡፡

አልትማንም ዘግይቶም ቢሆን ክብር አገኙ፡፡ በ2011 የስፔንን የአስቱሪያስ ልዑል ሽልማት ከሌሎች ሁለት ሳይንቲስቶች ጋር ተካፍለው፣ በ2016 አረፉ፡፡ ሽልማቱ የተሰጠው በካሃል አገር መሆኑ ግጥምጥሞሽ ነው፡፡

አዲሱ ሴል ምን ይሠራል?

ዛሬ በአይጥ ላይ ያለው እውቀት ጠንካራ ነው፡፡ አዲስ የነርቭ ሴል በመደበኛነት የሚወለደው በመላው አንጎል ሳይሆን በሁለት ቦታ ነው፡፡ አንደኛው ዴንቴት ጋይረስ የተባለው የሂፖካምፐስ ክፍል ነው፡፡ ሁለተኛው በአንጎል ውስጥ ያለውን የፈሳሽ ክፍተት የሚያዋስነው ግድግዳ ሲሆን፣ ከዚያ የሚወለዱት ሴሎች ወደ ፊት ተጉዘው ሽታ መቀበያው ዘንድ ይደርሳሉ፡፡ በአንዲት ወጣት አይጥ ሂፖካምፐስ ውስጥ በቀን 9 ሺህ ገደማ ሴሎች እንደሚወለዱ በ2001 ተገምቷል፡፡

ከእነዚህ ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሞታሉ፡፡ የተረፉት ቅርንጫፍ አውጥተው ከነባሮቹ ጋር ለመተሳሰር ሳምንታት ይወስድባቸዋል፡፡ አይጧ በዚህ ጊዜ አዲስ ነገር ከተማረች የሚተርፉት ቁጥር ይጨምራል፡፡ በካሊፎርኒያው የሳልክ ተቋም የተደረጉ ሁለት ታዋቂ ሙከራዎች በዚህ ረገድ ይጠቀሳሉ፡፡ በ1997 መጫወቻና ጓደኛ በበዛበት ሰፊ ሳጥን የኖሩ አይጦች፣ በ1999 ደግሞ መሮጫ መንኮራኩር የተሰጣቸው አይጦች ከሌሎቹ የበለጠ አዲስ ሴል ይዘው ተገኝተዋል፡፡ በተቃራኒው ጭንቀትና እርጅና የሚወለደውን ይቀንሳሉ፡፡

ሥራቸው ምንድነው ለሚለው፣ አንዱ መልስ ተቀራራቢ ትዝታዎችን መለየት የሚል ነው፡፡ መኪናችሁን ዛሬ የት እንዳቆማችሁ ከትናንቱ ሳትቀላቅሉ ለማስታወስ የሚያስፈልገውን ችሎታ አስቡ፡፡ በ2009 በወጣ ጥናት አዲስ ሴል እንዳይወለድባቸው የተደረጉ አይጦች የሚቀራረቡ ቦታዎችን መለየት ተቸግረዋል፡፡ ሌላው መልስ ግን ያስገርማል፡፡ በ2014 የቶሮንቶ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ አንድ ነገር ከተማሩ በኋላ አዲስ ሴል እንዲበዛባቸው የተደረጉ አይጦች የተማሩትን ይበልጥ ረሱ፡፡ አዲስ እንግዳ ሲበዛ ነባሩ አቀማመጥ ይናጋል እንደማለት ነው፡፡ ስለዚህ «ብዙ አዲስ ሴል ማለት ብዙ ትዝታ ማለት ነው» የሚለው የሻጮች ስሌት በአይጥ ላይ እንኳ በቀጥታ አይሠራም፡፡

በጉዳት ጊዜስ? በ2002 የስዊድን ተመራማሪዎች በአይጥ ላይ የደም ዝውውርን በመዝጋት ስትሮክ ሲያስከትሉ፣ አዳዲስ ሴሎች ወደ ተጎዳው ቦታ ሲጓዙ አይተዋል፡፡ ነገር ግን ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሞቱ፤ የተረፉት የተኩት ከጠፋው 0.2 በመቶ ገደማውን ብቻ ነበር፡፡ አንጎል ይሞክራል፤ አቅሙ ግን ትንሽ ነው፡፡

ሰውስ?

ተማሪዬ የጠየቀኝ ስለ አይጥ አይደለም፤ ስለ አባቱ ነው፡፡ በሰው ላይ የመጀመሪያው ማስረጃ የመጣው በ1998 ነው፡፡ ስዊድናዊው ፒተር ኤሪክሰንና የሳልክ ተቋሙ ፍሬድ ጌጅ፣ ለካንሰር ምርመራ ሲባል ቢ.አር.ዲ.ዩ ወስደው የነበሩ 5 ሕሙማን ፈቃዳቸውን ሰጥተው ከሞቱ በኋላ አንጎላቸውን መረመሩ፡፡ በአምስቱም ሂፖካምፐስ ውስጥ ምልክቱን የያዙ የነርቭ ሴሎች ተገኙ፡፡ የእነዚያ አምስት ሰዎች ፈቃድ ባይኖር ኖሮ ጥያቄው ገና ሳይነካ ይቆይ ነበር፡፡

በ2013 የካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች ሌላ ብልሃት ተጠቀሙ፡፡ በ1950ዎቹና በ60ዎቹ መጀመሪያ በአየር ላይ የተፈነዱት የኑክሌር ቦምቦች በከባቢ አየር ያለውን ካርቦን 14 ከፍ አድርገውት ነበር፤ ከ1963ቱ የሙከራ እገዳ ስምምነት በኋላ መጠኑ እየቀነሰ ሄደ፡፡ ካርቦኑ በምግብ በኩል ሰውነታችን ስለሚገባ፣ እያንዳንዱ ሴል ሲወለድ የዚያን ዓመት መጠን በዲኤንኤው ይይዛል፤ የልደት ካርድ እንደማለት ነው፡፡ በዚህ ስሌት በያንዳንዱ ሂፖካምፐስ በቀን 700 ገደማ አዳዲስ የነርቭ ሴሎች እንደሚጨመሩ ገመቱ፡፡ የሰው አንጎል በጠቅላላው 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች አሉት፡፡ በዚሁ የካርቦን ዘዴ ቀደም ሲል በ2006 በወጣ ጥናት፣ ለማሰብና ለመናገር የምንጠቀምበት ውጫዊው የአንጎል ልጣጭ ከተወለድን በኋላ የነርቭ ሴሎቹን እንደማይተካ ታይቷል፡፡ እንግዲህ ያኔ ያስተማርኩት ነገር ለአብዛኛው አንጎል አሁንም እውነት ነው ማለት ነው፡፡

በ2018 ክርክሩ እንደገና ፈነዳ፡፡ በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በሕፃናት ሂፖካምፐስ ውስጥ የሚታዩት ወጣት የነርቭ ሴሎች በፍጥነት ቀንሰው በአዋቂዎች ላይ ፈጽሞ እንዳላገኟቸው አሳተመ፡፡ ከቡድኑ መሪዎች አንዱ ከአልትማን ጋር የተሸለሙት አርቱሮ አልቫሬዝ ቡያ መሆናቸው ነገሩን ከባድ አደረገው፡፡ በሳምንታት ልዩነት የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከ14 እስከ 79 ዓመት የሆኑ 28 ሰዎችን መርምሮ በአረጋውያንም ላይ አግኝተናል አለ፡፡ በ2019 የማድሪድ ተመራማሪዎች ልዩነቱ ከአንጎል ናሙናው አያያዝ ሊመጣ እንደሚችል አስረዱ፡፡ ናሙናው በፎርማሊን ውስጥ ብዙ ከቆየ መለያ ምልክቱ ይጠፋል፡፡ እነሱ በጥንቃቄ ባዘጋጁት ናሙና በጤነኞች ላይ ብዙ ወጣት ሴሎችን ሲያገኙ፣ በአልዛይመር ሕሙማን ላይ ግን ቁጥሩ ከበሽታው መነሻ ጀምሮ ይቀንሳል አሉ፡፡ በ2025 ደግሞ የካሮሊንስካ ቡድን የእያንዳንዱን ሴል የጂን እንቅስቃሴ በማንበብ፣ በአዋቂዎች ሂፖካምፐስ ውስጥ በመከፈል ላይ ያሉ እናት ሴሎችን ማግኘቱን አሳወቀ፡፡ ከሰው ሰው ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነበር፤ በአንዳንዱ ብዙ፣ በአንዳንዱ ከምንም የማይቆጠር፡፡

ለተማሪዬ የሰጠሁት መልስ

ከሳምንት በኋላ ደወልኩለት፡፡ በመጀመሪያ ያልኩት ይህንን ነው፡፡ ከላይ የዘረዘርኳቸው የሰው ጥናቶች በሙሉ የተሠሩት ከሞቱ ሰዎች አንጎል ወይም በቀዶ ሕክምና ከወጣ ናሙና ነው፡፡ በሕይወት ባለ ሰው አንጎል ውስጥ አዲስ የተወለደን የነርቭ ሴል ቆጥሮ የሚያሳይ አስተማማኝ መሣሪያ እስከ ዛሬ የለም፡፡ ታዲያ ሻጩ እንክብሉ በአባትህ አንጎል ውስጥ ሴል ማብቀሉን በምን አየው? ያሳየህን ወረቀት በደንብ አንብበው፤ ጥናቱ በማን ላይ እንደተሠራ እይ፡፡ ወረቀቱን በፎቶ ላከልኝና አነበብኩት፡፡ ጥናቱ የተሠራው በአይጥ ላይ ነበር፡፡

ሁለተኛው፣ ገንዘቡን የት እንደሚያውለው ነው፡፡ መርሳት ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም፡፡ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መቀነስ፣ ድብርት፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ትዝታን ያዳክማሉ፤ እነዚህ ሊታከሙ ይችላሉ፡፡ ስለዚህ ሐኪማቸው እነዚህን መርምሮ እንደሆነ ይጠየቅ፡፡ የደም ግፊትና ስኳር ይታይ፤ ጆሮአቸው ከደከመም ይታገዝ፡፡

ሦስተኛው እግር ነው፡፡ በ2011 በአሜሪካ 120 አረጋውያን በሁለት ተከፍለው ለአንድ ዓመት ተጠንተው ነበር፡፡ በሳምንት ሦስት ቀን በፍጥነት የተራመዱት የሂፖካምፐሳቸው መጠን በ2 በመቶ ገደማ ሲጨምር፣ ሰውነት የማፍታታት እንቅስቃሴ ብቻ የሠሩት ግን ቀነሰባቸው፡፡ ይህ አዲስ ሴል መወለዱን አያረጋግጥም፤ የደም ሥርና የቅርንጫፎች መብዛት ሊሆን ይችላል፡፡ የመርሳት በሽታንም አይፈውስም፡፡ ነገር ግን ጉዳቱ ጥቂት፣ ዋጋውም የጫማ ብቻ ነው፡፡

ተማሪዬ ሰምቶ ሲያበቃ ትንሽ ዝም አለ፡፡ «እንግዲያው አባቴ የጠፋባቸው ነገር አይመለስም ማለት ነው?» አለኝ፡፡ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነበር፡፡ የጠፋውን የሚመልስ ነገር ዛሬ በእጃችን የለም አልኩት፤ ያለውን ለማቆየት የሚደረግ ነገር ግን አለ፡፡ አሁን አባቱ ጠዋት ጠዋት ከልጅ ልጃቸው ጋር እንደሚራመዱ ነግሮኛል፡፡ የልጁን ስም አንዳንድ ቀን ይረሱታል፤ እጁን ግን አይለቁም፡፡

ያንን ያሰመረበትን መስመር በተመለከተ፣ አሮጌው ደብተር እስካሁን ካለ እንዳይሰርዘው ነግሬዋለሁ፡፡ ከጎኑ ይህን ቢጽፍበት ይበቃል፡- በአብዛኛው አንጎል አይተካም፤ በአይጥና በሌሎች አጥቢ እንስሳት ሂፖካምፐስ ውስጥ አዲስ እንደሚወለድ ተረጋግጧል፤ በአዋቂ ሰው ላይ ማስረጃው ወደ «አዎ» ያደላል፣ ስንት እንደሆነና ምን እንደሚጠቅም ግን ገና በምርመራ ላይ ነው፡፡